ይሉኝታና ኅሊና በአራት የእንግሊዝ ልብ ወለድ መጻሕፍት

የሰው ልጅ በሚሠራው ሥራ ሁሉ ሁለት ዳኞች አሉበት። አንደኛው ዳኛ ከውጭ ሆኖ የሚፈርድበት ነው፤ ይኸውም ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም ሰው ነው። ሁለተኛው ዳኛ ከውስጡ የተቀመጠ ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ መብራት በጠፋበት ሰዓት እንኳ ችሎቱን አይዘጋም። የፊተኛውን ዳኛ መፍራት በቋንቋችን ይሉኝታ ይባላል፤ የኋለኛው ስሙ ኅሊና ነው።

እንግሊዝኛ በማስተምርበት ዘመን ይሉኝታ ለሚለው ቃል በአንድ ቃል ልኩ የሚሆን ትርጉም ብፈልግ አላገኘሁም። እንግሊዞች ቃሉ ባይኖራቸውም ነገሩን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ታላላቆቹ ደራሲዎቻቸውም ከመጻሕፍታቸው ብዙውን ክፍል የሰጡት ለዚሁ ነገር ነው ለማለት ይቻላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ከእነርሱ አራቱን መርጬ፣ የሰውን ጠባይና የማኅበሩን ኑሮ እንዴት አድርገው እንዳሳዩ አስተያየቴን ለመስጠት አስቤአለሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሰው የሚለካው በሀብቱ ወይም በድህነቱ፣ በትምህርቱ ወይም በመሃይምነቱ አይደለም፤ ሁለቱ ዳኞች የተለያየ ፍርድ በሰጡ ጊዜ ለየትኛው እንደ ታዘዘ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር እነዚህን መጻሕፍት ያወቅኋቸው ለተማሪ ተብለው ባጠሩ ቅጂዎች ነው። ያጠሩት ቅጂዎች ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ሀብት እንደ ወረሰ፣ ማን እንደ ሞተ ይነግራሉ። ነገር ግን ሰው አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ከራሱ ጋር የሚሟገተውን ሙግት አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል። ዋናው ነገር ግን እርሱ ነው። በኋላ አስተማሪ ሆኜ ሙሉዎቹን መጻሕፍት ከተማሪዎቼ ጋር ሳነብ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ይህ ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብለው ነበር። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ለተረት እንጂ ለታላቅ ልብ ወለድ አይበቃም። ለታላቅ ልብ ወለድ የሚገባው ጥያቄ «ይህ ሰው ማንን ይፈራል?» የሚለው ነው።

እንግዲህ ከቻርልስ ዲክንስ እንጀምር። ዲክንስ በ1812 ተወለደ። በ1824፣ ዕድሜው 12 ዓመት ሲሆን፣ አባቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ማርሻልሲ በሚባለው የሎንዶን እስር ቤት ታሰረ፤ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ባለ ዕዳ ይታሰር ነበርና። ልጁም ትምህርቱን ትቶ የጫማ ቀለም በሚሠራበት ቤት ገብቶ በቀለሙ ማሰሮ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ጀመር። ይህ ልጅ አድጎ በዓለም የታወቀ ደራሲ ሆነ፤ ስለ ድኾች ልጆችም አብዝቶ ጻፈ። ነገር ግን ያን የልጅነቱን ወራት ለሕዝብ ሳይገልጥ ኖረ፤ አንባቢዎቹ ነገሩን የሰሙት በ1870 ከሞተ በኋላ፣ ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወቱን ታሪክ ባሳተመ ጊዜ ነው። ስለ ድኾች የጮኸው ሰው የራሱን ድህነት ለመናገር አልደፈረም። ይሉኝታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ይህን ቁስል ገልጦ ያሳየበት መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1861 በየሳምንቱ እየተከፋፈለ የወጣው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ታላቅ ተስፋ» ሊባል ይችላል። ፒፕ የተባለው ልጅ አባትና እናት የሞቱበት ነው፤ ያሳደጉትም እኅቱና ባሏ ጆ ጋርጀሪ የሚባለው ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። እኅቲቱ ቁጡ ናት፤ ጆ ግን ለልጁ እንደ አባትም እንደ ጓደኛም ነው። ፒፕ አንድ ቀን ሚስ ሃቪሻም ከምትባል ሀብታም ሴት ቤት ለጨዋታ ተጠራ። በዚያም ኤስቴላ የምትባል ቆንጆ ልጅ እጁ ሻካራ፣ ጫማው ወፍራም መሆኑን እያነሣች ሳቀችበት። ልብ አድርጉ፤ እጁ ትናንትም ሻካራ ነበረ፤ ትናንት ግን አላሳፈረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ፒፕ ራሱን በኤስቴላ ዓይን ማየት ጀመረ። ራሱን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም፣ የብረቱን ምድጃም፣ ጆንም በእርሷ ዓይን ማየት ጀመረ። ዲክንስ የማኅበሩን የመደብ ልዩነት በስብከት አላስተማረንም፤ በአንድ ልጅ እጅ ላይ አሳየን እንጂ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሙን የማይገልጥ አንድ ባለ ሀብት ፒፕን ጨዋ ሰው ሊያደርገው ገንዘብ መደበለትና ልጁ ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያ ሳለ ጆ ሊጠይቀው እንደሚመጣ መልእክት ደረሰው። ፒፕ ራሱ እንደሚተርከው ከሆነ፣ ገንዘብ ከፍሎ ጆን ማስቀረት ቢቻል ኖሮ ይከፍል ነበር። ጆ የክቱን ልብስ ለብሶ መጣ፤ ባርኔጣውን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ባኖረበት ሁሉ እየወደቀበት ተቸገረ። ያሳደገውንም ልጅ አንድ ጊዜ በስሙ፣ አንድ ጊዜ «ጌታዬ» እያለ ጠራው። በእኛ ቋንቋ ቢሆን፣ አንተ እያሉ በእቅፍ ያሳደጉትን ልጅ እርስዎ ማለት ነው። አንባቢው በባርኔጣው ሲስቅ ሳለ ልቡ የሚቈረጠው በዚህ ቃል ነው።

በዚህ ስፍራ ዲክንስ የተናገረው አንድ ነገር አለ፤ ይህንንም ወጣት ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል። ፒፕ ጆን እንዳያይበት የፈራው ማንን ነው? አብሮት የሚኖረውን ኸርበርትን አይደለም፤ ኸርበርት ወዳጁ ነው፣ ያከብረዋልም፤ ቢያይበት ግድ የለውም። የፈራው ድራምል የሚባለውን ትዕቢተኛና ደንቆሮ ጎረምሳ ነው፤ ፒፕም ይህን ሰው ከልቡ ይንቀዋል። የይሉኝታ አስገራሚ ጠባዩ ይህ ነው፤ የምናከብራቸውን ሰዎች ትተን ለምንንቃቸው ሰዎች ስንል እንዋረዳለን። ፒፕ ለድራምል ዓይን ብሎ የበላበትን ወጪት ሰበረ።

በኋላም ምስጢሩ ተገለጠ። ገንዘቡን የሰጠው ማግዊች የሚባል፣ ወደ አውስትራልያ ተግዞ በኒው ሳውዝ ዌልስ በግ በማርባት የበለጸገ ወንጀለኛ ነው። ፒፕ በሕፃንነቱ ይህ ሰው ከእስር አምልጦ በረግረግ ውስጥ ሲንከራተት ምግብና እግር ብረቱን የሚቈርጥበት ሞረድ አምጥቶለት ነበርና ውለታውን መመለሱ ነው። ማግዊች ዕድሜ ልኩን ከአገር የተጋዘ ስለ ሆነ ቢመለስ ፍርዱ ሞት ነበረ፤ ያሳደገውን ጨዋ ሰው በዓይኑ ለማየት ሲል ግን መጣ። ፒፕ መጀመሪያ ተጸየፈው። እያደር ግን ልቡ ተመለሰ፤ ሰውየው ተይዞ ለፍርድ በቀረበ ጊዜም በሕዝብ ፊት አጠገቡ ቆሞ እጁን ይዞ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ድራምል ጆን እንዳያይበት የፈራው ሰው፣ በአደባባይ ሞት የተፈረደበትን ወንጀለኛ እጅ ያዘ። የመጽሐፉ ጉዞ ሁሉ ከዚያ ክፍል እስከዚህ ችሎት ድረስ ነው።

ገንዘቡ በመንግሥት ተወርሶ ፒፕ ድኻ ሆነ፤ ታመመም። ያስታመመው ጆ ነው። ከዳነም በኋላ ጆ ምንም ሳይናገር የፒፕን ዕዳ ከፍሎለት ወደ አገሩ ተመለሰ። ዕዳው 123 ፓውንድ ከ15 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ነበረ፤ የጌጣጌጥ ሻጭ ዕዳ ነው። ሰው እንዲያይለት የገዛውን ጌጥ፣ ሰው እንዳያይበት የደበቀው ቀጥቃጭ ከፈለለት። እኔ ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ በምንም መጽሐፍ አላነበብሁም፤ በውስጡም አንድ የቁጣ ቃል የለበትም።

ነገር ግን ሒስ ማመስገን ብቻ አይደለም። በዚህ መጽሐፍ ሁለት ነገሮች እነቅፋለሁ። አንደኛው፣ ጆ እጅግ ፍጹም ነው፤ ቂም ሲፈትነው አናይም። ፈተና የሌለበት ደግነት የሚያስደንቅ ነው እንጂ ትምህርት ለመሆን ያስቸግራል። ሁለተኛው መጨረሻው ነው። ዲክንስ በመጀመሪያ ፒፕና ኤስቴላ ለጥቂት ጊዜ ተገናኝተው እንዲለያዩ አድርጎ ጽፎ ነበር፤ በወዳጁ በደራሲው በቡልወር ሊተን ምክር ግን ለውጦ አንድ የመሆን ተስፋ እንዲታያቸው አደረገ። እኔ የፊተኛው ይበልጣል እላለሁ። ፒፕ ያገኘው ሀብት የተመለሰ ልብ ነው፤ በላዩ ላይ ኤስቴላን መመረቅ አያስፈልገውም ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው ይሉኝታ ክፉ ነገር ብቻ ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይደለም። በቋንቋችን ይሉኝታ ቢስ ማለት ስድብ ነው፤ ይህም በምክንያት ነው። ኅሊናው ገና ያልነቃ ብዙ ሰው ከስርቆትና ከብልግና የሚከለከለው ሰው ምን ይለኛል በማለት ነው። ይሉኝታ ለኅሊና እንደ ሞግዚት ነው፤ ሞግዚት ልጁን ትጠብቃለች፣ የቤቱ ጌታ ግን አይደለችም። ደግሞም አንድ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ለበታች ሰው ከባድ ሲሆን ለበላይ ሰው ቀላል መሆኑ ነው። ይህንን በግልጥ ያሳየችን ጄን ኦስተን ናት።

የኦስተን «ኤማ» በ1815 መጨረሻ ላይ ታተመ። ኤማ ውድሃውስ ቆንጆ፣ ብልኅና ባለጸጋ ናት፤ በምትኖርባት ትንሽ መንደር ከእርሷ በላይ የሚቀመጥ ስለሌለ ስለ እርሷ ክፉ የሚናገር የለም። ፒፕን ያስጨነቀው ዳኛ ለእርሷ አፉን የዘጋ ነው። በዚያችው መንደር ሚስ ቤትስ የምትባል ያላገባች ሴት አለች፤ ወሬ ታበዛለች፣ ደግ ናት፣ ከደህና ኑሮ ወደ ድህነት የወረደች ናት። አንድ ቀን ቦክስ ሂል ከሚባል ኮረብታ ለሽርሽር ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ ለጨዋታ ያህል እያንዳንዱ ሰው አንድ ብልኅ ነገር፣ ወይም ሁለት መጠነኛ ነገር፣ ወይም ሦስት የሞኝ ነገር እንዲናገር ጠየቀ። ሚስ ቤትስም በራሷ እየቀለደች፣ ሦስት የሞኝ ነገር ለመናገር እንደማትቸገር ገለጠች። ኤማ ግን ሦስት ብቻ መሆኑ ነው ያንቺ ችግር የሚል ትርጉም ያለው ቀልድ ቀለደችባት። ድኻይቱ ሴት ነገሩ ሲገባት ፊቷ ቀላ፤ አልተቈጣችም፤ እኔ ወዳጆቼን አሰልችቼ ይሆናል ብላ በራሷ ፈረደች።

ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ሰማይ አልወደቀም፤ ጨዋታውም ቀጠለ። ኦስተን ከታላላቆቹ ደራሲዎች ወገን የተቈጠረችው እዚህ ላይ ነው፤ ጦርነትና ግድያ ሳያስፈልጋት በአንድ ቀልድ ላይ ሙሉ የሥነ ምግባር ፍርድ ቤት አቆመች። ሰዎቹ ሊሄዱ ሲሉ ናይትሊ የሚባለው የቤተ ሰቡ ወዳጅ ኤማን ለብቻዋ ወቀሳት። ወቀሳውም ሴትዮዋ አትሳቅባት የሚል አይደለም፤ ሀብታም ብትሆን፣ እኩያሽም ብትሆን ቀልዱን ባለፍሁት ነበር፤ ነገር ግን ድኻ ናት፣ ከዚህም የበለጠ ልትቸገር ትችላለች፣ አንቺን አይቶ ሌላው ሰው ሁሉ ይንቃታል የሚል ነው። ኤማ በመንገድ ሁሉ አለቀሰች፤ በማግስቱም ማልዳ ወደ ሚስ ቤትስ ቤት ሄደች።

የኤማን ዕንባ ከፒፕ ዕንባ ጋር አስተያዩት። ፒፕ ያለቀሰው የበላዮቹ ስለ ናቁት ነው፤ ኤማ ያለቀሰችው የበታቿን ስለ ናቀች ነው። ማኅበሩ ኤማን አልከሰሳትም፤ የከሰሳት የገዛ ኅሊናዋ ነው፤ እርሱንም የቀሰቀሰላት እውነቱን ለመናገር የደፈረ አንድ ወዳጅ ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ደህና ቤት የተወለደ፣ መልክና ዕውቀት የታደለ ቢኖር፣ ሰው ስለማይወቅሰው ንጹሕ የሆነ አይምሰለው። የሚወቅሰው ወዳጅ ካለው ግን እርሱን አጥብቆ ይያዝ።

ሦስተኛው መጽሐፍ «ሚድልማርች» ነው። የጻፈችው ሴት ስሟ ሜሪ አን ኤቫንስ ነው፤ መጻሕፍቷን ግን ያሳተመችው ጆርጅ ኤልየት በሚል የወንድ ስም ነው። እርሷም የሰውን አፍ በሩቁ አይደለም ያወቀችው። ከ1854 ጀምሮ ጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ከሚባል፣ ሕጋዊ ሚስቱን መፍታት ካልቻለ ጸሐፊ ጋር ስለ ኖረች፣ የተከበሩ ወይዛዝርት ቤቷን አይረግጡም ነበር፤ ወንድሟ አይዛክም በ1880 በሕግ ሌላ ባል እስክታገባ ድረስ ደብዳቤ አልጻፈላትም። ይህች ሴት ስለ አንዲት የገጠር ከተማ ሐሜት ስትጽፍ የምትጽፈውን ታውቃለች።

መጽሐፉ ከ1871 እስከ 1872 በስምንት ክፍል የወጣ ሰፊ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ከውስጡ የባንክ ባለቤቱን የቡልስትሮድን ታሪክ ብቻ እወስዳለሁ። ቡልስትሮድ በከተማይቱ የተፈራ፣ ገንዘቡን ለበጎ ሥራ የሚሰጥ፣ የእግዚአብሔርን ስም ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ነገር ግን ሀብቱ የተመሠረተው የተሰረቀ ዕቃ ሳይቀር በመያዣ እየተቀበለ ከሚያበድር ቤት በወጣ ገንዘብ ነው። በመጀመሪያ ያገባት ባለጸጋ ባልቴትም የጠፋች ልጇን ስትፈልግ፣ እርሱ ልጅቱ እንደ ተገኘች እያወቀ ደብቆ ውርሱን ለራሱ አደረገው። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህን የሚያውቅ ራፍልስ የሚባል ሰካራም መጣና ገንዘብ ካልሰጠኸኝ እናገራለሁ ይለው ጀመር። ራፍልስ በቡልስትሮድ ቤት ታመመ፤ ሐኪሙ ሊድጌትም መጠጥ እንዳይሰጡት አዘዘ። ቡልስትሮድ ሌሊቱን ከራሱ ጋር ተሟገተ። በመጨረሻም የምታስታምመው ሴት ብራንዲ እንድትሰጠው ስትጠይቀው፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ሳይነግራት የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሰጣት። በማግስቱ ራፍልስ ሞተ።

እዚህ ላይ ኤልየት ከዲክንስ ትበልጣለች ብዬ እፈርዳለሁ። ቡልስትሮድ ግብዝ ነው ብለን በአንድ ቃል እንዳንገላገለው ታደርገናለች። ጸሎቱ ከልቡ ነበር፤ ንስሐውም ከልቡ ነበር፤ ግን ለእግዚአብሔር የተናዘዘውን ለጎረቤቱ መናዘዝ አልቻለም። ኅሊናው አልሞተም፤ ይሉኝታ ጌታ ሆኖበት ኅሊናውን ጸሐፊ አደረገው፤ ኅሊናም ጌታው የፈለገውን ምክንያት እየጻፈ ያቀርብለት ጀመር። አንድ ቁልፍ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ማንም የነፍስ ግድያ ነው አይልም፤ ኤልየት ግን ጣቶቹን ጭምር አሳየችን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ ነገሩ ተገለጠ። ቡልስትሮድ በሕዝብ ስብሰባ መካከል ተዋረደ፤ ከእርሱ 1,000 ፓውንድ ተበድሮ የነበረው ሐኪምም ሊድጌት ባላጠፋው ጥፋት ስሙ ጠፋ። ከተማው ሁሉ በሐሜት ሲንጫጫ ግን ኤልየት ሁለት ሰዎችን አቆመችልን። አንዱ ኬሌብ ጋርዝ የሚባለው የእርሻ ሥራ ተቈጣጣሪ ነው። እርሱ ምስጢሩን ከሕዝቡ አስቀድሞ ከራፍልስ አፍ ሰምቶ ነበር፤ ድኻም ቢሆን የቡልስትሮድን ሥራ አልሠራም ብሎ ተወ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አላወራም። ኅሊናው ገንዘቡን አስተወው፤ ያው ኅሊናው ሐሜትንም አስተወው።

ሁለተኛይቱ የቡልስትሮድ ሚስት ኻሪየት ናት። ይህች ሴት መልካም ልብስና የሰው አክብሮት የምትወድ እንጂ ጀግና የምትመስል አይደለችም። ነገሩን ከወንድሟ ሰምታ ወደ ቤቷ ተመለሰችና ክፍሏን ዘጋች። የሃያ ዓመት ትዳሯን እንደ አዲስ መረመረች፤ አለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ጌጧን ሁሉ አውልቃ ተራ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች፤ ፀጉሯንም በተራ ቆብ ሸፈነች፤ ወርዳም አንገቱን ደፍቶ ወደ ተቀመጠው ባሏ ሄደች። አጠገቡ ተቀመጠች፤ አብረውም አለቀሱ። እውነት ነውን ብላ አልጠየቀችውም፤ ንጹሕ ነኝ ብሎም አልማለላትም። ኃጢአቱን በጎ ነው አላለችም፤ ውርደቱን ግን ከእርሱ ጋር ተካፈለች። ጌጥ ለሰው ዓይን ነውና እርሷ ያወለቀችው ወርቁን ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታንም ነው። በሰላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ምዕራፍ ለተማሪዎች ሳነብ ክፍሉ ጸጥ ያላለበትን ቀን አላስታውስም።

አራተኛው በ1886 የታተመው የቶማስ ሃርዲ «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» ነው። ሚካኤል ሄንቻርድ ድርቆሽ በማሰር የሚኖር የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በአንድ ገበያ አንዲት አጥሚት ሻጭ ሩም እየቀላቀለች የሰጠችውን ጠጥቶ ሰከረና ሚስቱን ሱዛንን ከሕፃን ልጇ ጋር ለአንድ መርከበኛ በአምስት ጊኒ ሸጠ። በማግስቱ ስካሩ ሲበርድለት በቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ፣ ዕድሜው ያህል 21 ዓመት መጠጥ ላለመቅመስ ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ የእህል ነጋዴና የካስተርብሪጅ ከተማ ከንቲባ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሄንቻርድ በዳኝነት ወንበር ተቀምጦ ሳለ ያችው አጥሚት ሻጭ አርጅታና ተጎሳቁላ በትንሽ ጥፋት ተከስሳ ቀረበች። አወቀችውና፣ ይህ ሰው በገበያ ሚስቱን የሸጠ ነው፤ በእኔ ላይ ሊፈርድ አይገባውም አለች። አንድ የተከበረ ከንቲባ በአንዲት ለማኝ በምትመስል ሴት ቃል ላይ ውሸት ነው ቢል ማን እርሷን ያምናል? እርሱ ግን እውነት መሆኑን አምኖ ከወንበሩ ወረደ። የሚሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ ይባላል፤ ሄንቻርድ የሚሉትን እያወቀ ወጣ። በኋላም ንግዱ ሲከስር የወርቅ ሰዓቱን ሳይቀር ለባለ ገንዘቦቹ አቀረበ።

ይሁን እንጂ ሃርዲ ከዚህ ላይ አላቆመም። ሄንቻርድ ከእንግዲህ ያለው ሀብት እንደ ልጁ የሚወዳት የመርከበኛው ልጅ ኤልሳቤጥ ጄን ብቻ ናት። አባቷ መርከበኛው ኒውሰን ሊፈልጋት በመጣ ጊዜ ሄንቻርድ ሞታለች ብሎ ዋሸው። ይህን ውሸት የሰማ ሦስተኛ ሰው አልነበረም፤ ይሉኝታም አላስገደደውም፤ ያዋሸው ፍቅርና ብቸኝነት ነው። በሺህ ሰው ፊት እውነት የተናገረው ሰው በአንድ ሰው ፊት ዋሸ። ከዚህ የምንማረው፣ ይሉኝታን ማሸነፍ የኅሊና ሥራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ውሸቱ ሲገለጥ ልጅቱ ፊቷን አዞረችበት፤ እርሱም በአንዲት ጎጆ ሞተ። ሲሞት አብሮት የነበረው አቤል ዊትል የሚባል ድኻ ሠራተኛ ነው። ሄንቻርድ በከንቲባነቱ ዘመን ይህን ሰው በሰው ፊት አዋርዶት ነበር፤ ነገር ግን በክረምት ለእናቱ የድንጋይ ከሰል ይሰጥ ስለ ነበር ዊትል የቈጠረው ውርደቱን ሳይሆን ከሰሉን ነው። ሰው ካደረገው ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ ደጁን የሚያንኳኳው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

በእነዚህ ደራሲዎች ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አላልፈውም። ጆርጅ ኦርዌል በ1940 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዲክንስ ማኅበሩን የሚነቅፈው በሥነ ምግባር በኩል ነው እንጂ ሥርዓቱ በምን እንዲተካ አያሳይም ብሏል። ይህ እውነት ነው። ድኾችን ወደ ችግረኞች የሥራ ቤት የሚያስገባውን የ1834 ሕግ የሚለውጥ ረቂቅ በ«ኦሊቨር ትዊስት» ውስጥ አይገኝም። ነገር ግን ልብ ወለድ ሕግ አያወጣም፤ ሕጉ የሚወድቅበትን ሰው ፊት ያሳያል እንጂ። ፊቱን ያላየ ሰው ሕጉን ለመለወጥ አይነሣም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህ ግን ለእኔ ይከብደኛል። የእነዚህ ደራሲዎች ዓይን ከእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ አልፎ ብዙ አያይም። ማግዊች በግ ያረባበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ምድር ነባር ሕዝብ ነበረው፤ ዲክንስ ግን ፒፕ በጆ ላይ ስለ ሠራው ግፍ ሲጠበብ ስለዚያ ሕዝብ አያስብም። የማኅበር ኅሊናም እንደ ሰው ኅሊና የሚተኛበት ስፍራ አለው። አንባቢ ደራሲውን እያከበረ ይህን ማስተዋል አለበት፤ ደራሲው ያስተማረውን ሚዛን በራሱ በደራሲው ላይ ማዋል መክዳት አይደለም፤ መልካም ተማሪነት ነው።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ ልብ ወለድ ስታነቡ ታሪኩ የት ይደርሳል ብላችሁ ብቻ አትሩጡ። ሁለቱ ዳኞች የሚለያዩበትን ገጽ ፈልጉ፤ ሰውየው ማንን እንደ ፈራ አስተውሉ፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ። ፍርዳችሁም ሲወርድ ወደ ራሳችሁ ይድረስ። ከእናንተ መካከል ከገጠር መጥታችሁ በከተማ ትምህርት ቤት የምትማሩ አላችሁ። አንድ ቀን አባታችሁ ወይም እናታችሁ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በእጃቸው ስንቅ ይዘው፣ ከግቢው በር ቆመው ስማችሁን ለዘበኛው ይነግሩ ይሆናል። ጓደኞቻችሁም በአጠገብ ቆመው ይሆናል። ያን ጊዜ በሩጫ ወጥታችሁ በሰው ሁሉ ፊት ጉልበታቸውን ሳሙ፤ ስንቁንም ከእጃቸው ተቀብላችሁ ወደ ውስጥ አስገቧቸው።